ባለ ሁለት ዓይኑ ደጃዝማች

ደጃዝማች ጓንጉል በተሾሙ ዕለት «ከዛሬ ጀምሮ የሥዕል አዲስ ዘመን ገብቷል» ብለው አሳወጁ። አንድ ሠዓሊ ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መልአክ እየሳለ ነበርና፣ ከአዋጁ በፊት የጨረሰው ቀኝ ክንፍ የድሮ ዘመን፣ ከአዋጁ በኋላ የሳለው ግራ ክንፍ የአዲሱ ዘመን ሥራ ተባለ። ይህን ሲሰማ ሳቁ አምልጦት ተንከተከተ።

ደጃዝማቹ አስጠሩት። «የዘመኑን መጀመሪያ እኔ ወስኛለሁ፤ መጨረሻውን አንተ ንገረን» አሉት። ቀን ቢጠራ ሟርተኛ ተብሎ ሊገረፍ፣ መጨረሻ የለውም ቢል ካህናቱ ሊያወግዙት ነው።

ሠዓሊው እጅ ነሥቶ «ጌታዬ፣ እኛ ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ኃጥኡን በአንድ ዓይን ነው የምንስለው። እርስዎን ከመልአኩ ሥር በሁለት ዓይን ስያለሁ። ተተኪዎ መጥቶ ‹የዚህን ሰውዬ አንድ ዓይን አጥፋ› ያለኝ ቀን፣ ያኔ ዘመኑ አለቀ» አላቸው።