ትከሻ ያጣ መንደር

አንድ ልየው የሚባል ገበሬ ዳርቻው በዓይን በማይዘለቅ ሜዳ ላይ ይኖር ነበር። የሜዳው አፈር ጥቁር መረሬ ነው። በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃው እስከ ጉልበት ይውጣል። የልየው አያትና ባልንጀሮቹ መጀመሪያ ሲሰፍሩበት ከሣር በቀር ምንም አልነበረበትም ይባላል። ያንን አፈር አንድ ጥማድ በሬ ብቻውን ስለማይገለብጠው በሬ እያቀናጁ፣ ዛሬ የአንዱን ነገ የሌላውን እያረሱ አገሩን አቀኑት። ሰው ሲታመምም ቃሬዛ አበጅተው፣ እየተቀባበሉ ተሸክመው ሐኪም ካለበት ያደርሱት ነበር።

ልየው ብርቱ ሰው ነበር። በመንደሩ ቀድሞ ትራክተር የገዛ እሱ ነው። የማንንም ድንበር አልገፋም፤ የማንንም እህል አልነካም። ዝናብ በከዳበት ዓመት የጎረቤቶቹ ከብቶች ሲያልቁ ግን ዝም ብሎ ጠበቀ። የሚያርስበት ያጣ ሁሉ መሬቱን ለእሱ እያከራየ ወደ ከተማ መሄድ ጀመረ።

ባለቤቱ አትጠገብ ነገሩ አላማራትም። አንድ ቀን ጠዋት አጥር ስለሚጋራቸው ጎረቤታቸው ስለ ዋለልኝ አነሣችበት።

"በሬዎቹ ሞተውበታል" አለችው። "ትራክተሩን ለአንድ ቀን ብታውሰው አርሶ ይዘራ ነበር። ካልሆነ ልጆቹን ይዞ መሄዱ ነው።"

"ከሄደ እኔ አርሰዋለሁ" አላት። "መሬቱ ጦም አያድርም።"

"እኔ የጠየቅሁህ ስለ መሬቱ አይደለም" አለች አትጠገብ።

ልየው ትራክተሩን አስነሥቶ ወደ ማሳው ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ዋለልኝ ቤቱን ቆልፎ ሄደ። ሌሎቹም ተከተሉት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሜዳው ከዳር እስከ ዳር የልየው ስንዴ ሆነ። የተዘጉት ቤቶች እየፈረሱ ሲሄዱ ልየው ፍርስራሹን ጠርጎ እዚያም ላይ ዘራ። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ አዝመራውን ያደንቅ ነበር። አትጠገብ ግን እሳት የምትጭርበት ጎረቤት አጣች።

በአንድ ክረምት አትጠገብ በጽኑ ታመመች። ልየው ደውሎ አምቡላንስ ጠራ። አምቡላንሱ አስፋልቱ እስከሚያልቅበት ድረስ መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ መልሶ ደወለለት።

"ከዚህ ወዲያ ጭቃው አያሳልፍም። ሰው ሰብስብና በቃሬዛ አምጣት። እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ።"

"ሰው የለም" አለ ልየው።

"እንዴት ሰው የለም? መንደር አይደለም እንዴ?"

"ነበር።"

ልየው በትራክተሩ ተጎታች ላይ አስተኝቷት ተነሣ። ከግቢው ትንሽ እልፍ እንዳሉ ጎማው ሰመጠ። ከዚያ በኋላ የቀሩት እሱና አንድ ቅጥር ሠራተኛው ብቻ ናቸው። ሁለቱ ቃሬዛ አበጅተው አነሧትና፣ በጭቃው እየተንሸራተቱ በስንዴው መካከል ሄዱ። የሚቀበላቸው የለም። ጥቂት እንደሄዱ ያሳርፏታል፤ ደግሞ ያነሧታል። ሾፌሩ ቢጨንቀው በእግሩ መጥቶ መንገድ ላይ አገኛቸው። እሱ ሲደርስ ግን አትጠገብ አርፋ ነበር።

መርዶው ከተማ ደረሰ። በማግስቱ ዋለልኝና ተሰደው የነበሩት ጎረቤቶች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ጭቃውን አቋርጠው መጡ። መቃብሩን ቆፈሩ፤ አስከሬኑን በትከሻቸው እየተቀባበሉ ቤተ ክርስቲያን አደረሱ። ለሁለት ሰው አልገፋ ያለው መንገድ ለእነሱ ብዙም አልከበዳቸውም። ልየው ከኋላቸው ሲከተል ይህን አየ።

ከቀብር መልስ ዋለልኝን ለብቻው አገኘው።

"ተመለሱ" አለው። "መሬታችሁን ውሰዱ። ትራክተሩም አለ፤ አብረን እናርሳለን።"

ዋለልኝ እንዲህ አለው፦

"ያን ጊዜ ብትለኝ ኖሮ እግርህ ላይ ወድቄ አመሰግንህ ነበር። አሁን ልጆቼ እዚያ ለምደዋል። እኔም የግንበኝነት ሥራ ይዣለሁ። ሰው እንደ ስንዴ አይደለም፣ ልየው። ዘንድሮ ነቅለኸው ለከርሞ እዚያው አይበቅልልህም።"

"ታዲያ ዛሬ ለምን መጣህ?"

"አትጠገብ ጎረቤቴ ነበረች" አለው።

ከዚያ ወዲህ ልየው ከተማ እየሄደ በየቤታቸው ለመናቸው። የተመለሱት ሁለት ቤተሰቦች ብቻ ናቸው። ዝናብ ሲጥል አስቀድሞ የእነሱን ማሳ ያርሳል፤ የራሱ ተራ ከዚያ በኋላ ነው። አትጠገብን ግን ይህም አላስነሣትም።

ወዳጆቼ፣ ልየው ከማንም አልሰረቀም፤ በሕግም የሚከሰው ሰው አልነበረም። ጥፋቱ ጎረቤቱ ሲወድቅ ቆሞ ማየቱ፣ መውደቁንም እንደ ሲሳይ መቁጠሩ ነው። እኛም አንዳንዴ የሌላው መሄድ ለእኛ ቦታ የሚያሰፋልን ይመስለናል። በክፉ ቀን ቃሬዛችንን የሚያነሣው ግን ሰው ነው፤ ሰውን ደግሞ በደጉ ቀን ካላቆዩት በጭንቅ ሰዓት ከየትም አያመጡትም። እስኪ ዛሬ ወደ ጎረቤትዎ በር ይመልከቱ። እዚያ ውስጥ ለመሄድ ዕቃውን እየሸከፈ ያለ ሰው ካለ፣ እርስዎ ምን ቢያደርጉለት ይቀር ይሆን?