የእንቁላሉ አሳዳጊዎች

አንድ ጊዜ አንዲት አህያ ከጭነት አምልጣ ዱር ገባች። ልቧ ቅን ነው፤ ችግሯ አፏ ነው። ሣር ስትግጥ ቆይታ ከቁጥቋጦ ሥር አንድ እንቁላል አየች። ዙሪያውን ብትመለከት ማንም የለም።

«የኔ ምስኪን፣ እናት የለህም እንዴ?» አለችው።

እናትማ ነበረው። ቆቅ ናት። ከስድስት እንቁላሎቿ አምስቱን እባብ ውጦባት የቀራት ይሄው አንዱ ብቻ ነው። የአህያዋን ኮቴ ስትሰማ ደንግጣ እሾህ ውስጥ ተደብቃለች። እንቁላል ደግሞ ካልታቀፉት ይቀዘቅዛል፤ ከቀዘቀዘ ጫጩት የለም። ስለዚህ ቆቋ አህያዋ እስክትሄድላት ትጠብቃለች።

አህያ ግን መሄድ የት ታውቅና! «አንድ ነገር መደረግ አለበት» ብላ አናፋች። አገር ሰማ። እየሮጡ የደረሱት ጅብና ቀበሮ ናቸው። እርዳታ ጠርታ የመጣላትን እዩልኝ!

ጅብ አህያዋን ሲያይ ጎመጀ። ግን አምና በእርግጫ ያወለቀችለትን ጥርስ አስታወሰና ምራቁን ዋጠ።

«ወላጅ አልባ ነው፤ ምን እናድርገው?» አለች አህያ።

ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እመት አህያ፣ እንዲህ ያለ ነገር በችኮላ አይሆንም። ቁጭ ብለን እንምከርበት።»

ተቀመጡ።

«እኔ ወስጄ ላሳድገው፤ ቤቴ ሙቅ ነው» አለች ቀበሮ።

«እኔ የክርስትና አባቱ እሆናለሁ» አለ ጅብ።

«አያ ጅቦ፣ መጀመሪያ ይፈልፈል እንጂ» አለችው ቀበሮ።

«ይፈልፈል፣ ማን ከለከለው። ለመሆኑ ክርስትናው ላይ የሚበላው ምንድን ነው?»

«ያው ያለው ነዋ» አለች ቀበሮ፣ እንቁላሉን ሰረቅ አድርጋ እያየች።

አህያ ምኑም አልገባትም። «ስሙንስ ማን እንበለው?» ብላ ጠየቀች። በስሙ ሲከራከሩ ፀሐይዋ አጋደለች፤ ነፋስ ተነሳ። እሾህ ውስጥ ያለችው እናት አንጀቷ አረረ። ልጇ እዚያው ዓይኗ ሥር በምክር ብዛት ሊሞትባት ነው።

በመጨረሻ መረራትና ብቅ አለች። አንድ ክንፏን መሬት ለመሬት እየጎተተች፣ እያነከሰች በፊታቸው አለፈች።

«ክንፏ ተሰብሯል» አለች ቀበሮ በሹክሹክታ።

ጅብ ብድግ አለ። «የክርስትና አባትነቱ ለሌላ ጊዜ ይሁንልኝ» ብሎ ቀበሮን ገፍትሮ ሮጠ። ቀበሮም ተከተለችው። ቆቋ ሊይዟት ስንዝር ሲቀራቸው ፈንጠር፣ ሊይዟት ሲሉ ፈንጠር እያለች አንድ ረግረግ ድረስ ወሰደቻቸው። እዚያ ሲደርሱ ምንም ያልነካውን ክንፏን ዘርግታ በረረች። እነሱም እስከ ሆዳቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው «ያንቺ ጥፋት ነው፣ ያንተ ጥፋት ነው» ሲባባሉ ቀሩ።

ቆቋ ስትመለስ አህያዋ እንቁላሉ አጠገብ እንደተገተረች ናት።

«እንኳን መጣሽ እህቴ» አለቻት አህያ። «ወላጅ የሌለው ልጅ እየጠበቅሁ ነው። ከጠዋት ጀምሬ ከአጠገቡ አልተነቃነቅሁም።»

«አይቻለሁ። እናቱ እኔ ነኝ» አለች ቆቅ።

«ታዲያ እስካሁን የት ነበርሽ?»

«አንቺ እስክትሄጂ እየጠበቅሁ።»

አህያ በጣም አፈረች። ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ቆቋ «እባክሽ፣ ሂጂልኝ ብቻ» አለቻት። አህያም ቀስ ብላ፣ ኮቴዋን እያነሳች ሄደች።

እናትየው እንቁላሉን ደረቷ ሥር ሸጎጠችው። ቀዝቅዞ ነበር። እያለቀሰች አቀፈችው። ብዙ ከቆየች በኋላ ከእንቁላሉ ውስጥ የሆነ ነገር ደረቷን ቀስ ብሎ ኳ አደረጋት።

ከዚህ የምንማረው የዱር ወፍ እንቁላል ስናገኝ እናቱ እስክንሄድላት እየጠበቀች ሊሆን ስለሚችል፣ ሳንነካውና ሌላ ሳንጠራበት ቶሎ ዞር ማለት ከእርዳታ ሁሉ የሚበልጥ እርዳታ መሆኑን ነው።