የዘርትሁን ደጅ

ላይ አምባንና ታች አምባን በሚለየው ግጦሽ ላይ የዘርትሁን ደጅ የሚባል ቦታ አለ። ደጅ ይባል እንጂ ቤትም በርም የለበትም፤ መንገደኛ ቤቱ ወዴት ነው ብሎ ሲጠይቅ ያገሩ ሰው ፈገግ ይልና አረፍ እንዲል ይጋብዘዋል። በዚያው አገር የወሰን ምስክር ዓይኑን በነጠላ ታስሮ ነው የሚመሰክረው። የሁለቱም መነሻ አንድ ነው ይባላል።

እንደሚነገረው፣ በአንድ የድርቅ ዓመት ሁለቱ መንደሮች በግጦሹ ተጣሉ። ታች አምባዎች የወሰን ድንጋዩ ወደ እኛ ተገፍቷል አሉ፤ ላይ አምባዎች ድንጋዩ ከጥንትም እዚያው ነው ብለው ማሉ። ጦር ተሰብቆ፣ ደም ሊፈስ አንድ ሐሙስ ሲቀረው ዳኛ መጣ። ድንጋዩን ያፈለሰ ሰው ቢገኝ ቤቱ ይፍረስ፣ እሱም ካገር ይውጣ ብሎ ፈረደና የድሮውን ወሰን የሚያውቅ አምጡ አለ። ከሚያውቁት በሕይወት የቀረችው፣ በልጅነቷ ከአባቷ ጋር ወሰኑን እየዞረች ያደገችው የላይ አምባዋ ወይዘሮ ዘርትሁን ብቻ ነበረች፤ እሷም ዓይኗ ከጠፋ ሰባት ዓመት አልፏት ነበር። ታች አምባዎች ሳቁ። ኋላ ግን ዓይናማው ሁሉ በድንጋይ ከተታለለ የማታየው ትሻላለች ተባባሉና ተስማሙ።

ልጇ እንግዳሸት እጇን ይዞ ሊመራት ሲቀርብ ዳኛው ማንም እንዳይነካት ከለከለ።

ዘርትሁን ወሰኑ ከሚጀምርበት ዝግባ ሥር ተነሥታ የፏፏቴውን ድምፅ በስተግራዋ እያዳመጠች ሄደች፤ እግሯ ከዋልካው ወጥቶ ጠጠር ሲረግጥ ቆም አለች፤ ጦስኝ ሲሸታት ታጠፈች። ከዚያ ወዲያ በየጥቂት እርምጃው ጎንበስ እያለች አፈር በጣቷ አንሥታ ትቀምስ ጀመር፤ ወሰኑ ከብት በሚልሰው ጨዋማ አፈር ላይ እንደሚሄድ አባቷ አስተምሯት ነበርና። ድንጋዩን ወደ ታች ትታ በላይ በኩል ስታልፍ ላይ አምባዎችን ላብ አጠመቃቸው። የእንግዳሸት ፊት ግን አመድ መሰለ።

እንዲህ ስትሄድ የወይራ ጭስ ሸተታት። ውሻም ሳይጮህ መጥቶ እጇን ላሳት። የት እንደደረሰች ያን ጊዜ ገባት። ከሦስት ዓመት በፊት ልጇ እጇን ይዞ ወደ አዲሱ ቤት ሲያስገባት በአያቴ መሬት ላይ ነው የሠራሁት ብሏት ነበር፤ እሷም ቃሉን አምና አንድ ቀን እንኳ አፈሩን አልቀመሰችም። ቤቱ ወሰኑ ላይ ከሆነ ግን ድንጋዩን ያፈለሰው እሱ ነው።

«እማ፣» አለ እንግዳሸት ከኋላዋ በሹክሹክታ፣ «በጓሮ በኩል እለፊ።»

በጓሮ ብታልፍ ቤቱ ከነልጇ ይተርፋል፤ ማንም አያውቅባትም። ዘርትሁን ግን ተንበረከከችና ከበሩ ሥር አፈር አንሥታ ምላሷ ላይ አደረገች።

«ልጄ፣» አለች ሁሉም እየሰማ፣ «ደጃችን ጨው ጨው ይላል።»

አፈሩ ሳይሆን እንባዋ ነው ጨው ያላት የሚሉ አሉ፤ የሚሉትም ሁሉ ላይ አምባዎች ናቸው።

ቤቱ በዚያው ቀን ፈረሰ። ዳኛው ለእሷ ሌላ ጎጆ ይሠራላት ቢልም እንቢ አለች፤ «እሱ ብቻውን መንገዱን አያውቀውም» ብላ የልጇን እጅ ያዘችና እየመራችው ካገር ወጣች ይባላል። ይቅር ተባብለው እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ወዲህ በቦታው ቤት የሠራ የለም፤ የሁለቱም መንደር ከብት ደጁን ሲልስ ይውላል። የወሰን ክርክር በተነሣ ቁጥርም ምስክሩ ዓይኑን ይታሰራል፤ ነጠላውን የሚያስርለት ግን ዳኛው አይደለም፣ የገዛ ልጁ ነው።