የአውላ ገንዳ ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ነገሥታቱ «የአምላክ ልጆች ነን» እያሉ በሚምሉበት ዘመን፣ አውላ የምትባል ከተማ ነበረች። ጻፊ እንግዲህ፣ እኔ ስተርክልሽ አፌን አትዪ። ከተማዋ ኮረብታ ላይ ናት። አናቷ ላይ ቤተ መቅደስ አለ፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ ከዓለት የተፈለፈለ ትልቅ የውሃ ገንዳ። ክረምት ይሞላል፣ በጋውን ሙሉ ከተማውን ያጠጣል። ሌላ ውሃ የላቸውም።

ታዲያ ደንብ ነበራቸው። ገንዳው በሚከፈትበት ቀን ንጉሡ ዘውዱን አውልቆ፣ በባዶ እግሩ ከቤተ መቅደሱ ደጃፍ ይቆማል። በበሩ ደፍ ላይ የተቀመጠች ሴት «ውሃው የማን ነው?» ብላ ትጠይቀዋለች። «የአምላክ ነው፤ እኔ ጠባቂ ነኝ» ይላል። ያኔ ትነሳለታለች፣ ገብቶ በቁልፉ ይከፍታል። ጠያቂዋን ደፉ ላይ እስካለች ድረስ የሚነካት የለም፤ የነካት ንጉሥ ንግሥናው አበቃ። ያን ቀን «አንተ» ነው የምትለው። በሌላ ቀን ብትለው አንገቷን ታጣለች።

አግዳር የሚባል ወጣት ነገሠና ገንዳው በሚከፈትበት ቀን ዘውዱን ሳያወልቅ መጣ።

«ውሃው የማን ነው?» አለችው ጠያቂዋ፣ ሰምሃል።

«የእኔ ነው። የአባት የሆነ ሁሉ የልጅ አይደለም? አምላክ አባቴ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የሚጠጣው ለእኔ የሰገደ ብቻ ነው።»

«አባትህንማ አውቀዋለሁ። እዚሁ ቆሞ ጠባቂ ነኝ ሲለኝ ነው የኖረው።»

ሕዝቡ ሳቀ። ንጉሡ አልሳቀም።

«ተነሺ።»

«መልሱን በልና እነሳለሁ።»

«ባልልስ?»

«እኔ እንደሆን ዛሬ ሌላ ሥራ የለኝም።»

ተቀመጠች። መሸ፣ ነጋ፣ እሷ እዚያው ናት። ፀሐዩ ከንፈሯን ሰነጠቀው። እሷ ካልተነሳች በሩ አይከፈትም፣ በሩ ካልተከፈተ ውሃ የለም። እናቶች መጥተው እግሯ ላይ ወደቁ። «እመቤቴ፣ ተነሺለት፣ እንስገድና እንጠጣ፣ ልጆቻችን አለቁ» አሏት። «ዛሬ ብነሳለት የልጅ ልጆቻችሁም ለጉንጭ ውሃ ሲሰግዱ ይኖራሉ» አለች። የሸክላ ሠሪዋ ሕፃን በዚያ ሰሞን በጥም ሞተ። ሰምሃል ሰማች፣ አለቀሰች፣ አልተነሳችም።

ይስፋ የሚባል ወንድም አላት፣ ድንጋይ ቀራጭ ነው። በአውላ ድንጋይ ላይ ያልተቀረጸ ቃል ሕግ አይሆንም፤ ፊደሉን የሚያውቀው ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ንጉሡ አስጠራውና፣ «ጻፍ» አለው፣ «ውሃው የንጉሡ ነው፣ ጠያቂም ቀርቷል በል።» ገባሽ? ይህ ከተቀረጸ ሰምሃል ተራ ሴት ሆነች ማለት ነው፤ ወታደር ጎትቶ ያነሳታል።

ይስፋ መሮውን አስቀመጠ። ቀኝ እጁን ድንጋዩ ላይ ዘረጋና በግራው መዶሻውን አንስቶ ጣቶቹን አደቀቃቸው። «በል አሁን ጻፍ በለኝ» አለው። ፊትሽን አታጨማድጂ፣ እኔም መጀመሪያ ስሰማው እንዳንቺ ነበርኩ። ግን ይህንንም ጻፊ፦ እዚያው አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ተራ ትጠብቅ ነበር። የመሬቷን ድንበር ሊቀርጽላት፣ የባሏ ወንድም እየገፋ ስለበላባት። እጁን አይታ፣ «የእኔንስ ማን ይጽፈዋል?» አለች።

ትንሹ ወንድማቸው ዳሙ ነው። የገንዳውን ደለል የሚጠርግ፣ ከግድግዳው ሥር ያለችውን የደለል መውጫ የሚያውቅ። መልሱ ሳይባል ገንዳውን የነካ አምላክን ከከተማው አባረረ ይባላል። ዳሙ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ዲጅኖውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲሄድ ሽማግሌዎቹ መንገድ ዘጉበት።

«አምላክ ይቆጣል፣ ልጄ።»

«ይቆጣ። ቤቴን ያውቀዋል።»

መውጫዋን የወተፈውን ድንጋይ ፈነቀለው። ውሃው ቁልቁል ወረደ። ሰው ጠጣ፣ አህያ ጠጣ፣ ወታደሮቹ ጦራቸውን ጥለው ተንበርክከው ጠጡ፤ ለንጉሡ ግን አይደለም የተንበረከኩት። አግዳር ጮኸ፣ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። ዘውዱንና ቁልፉን ደፉ ላይ ወርውሮ በኮረብታው ጀርባ ወረደ፣ በዚያው ቀረ። ከገንዳው ውሃ ግን ግማሹን አፈር ጠጣው፤ ክረምት እስኪገባ ሕዝቡ በቅል እየተካፈለ ነው የከረመው።

አሁን ከተማው ጠባቂ ያስፈልገዋል። ቁልፉን የያዘ አውላን ያዘ። ሦስቱም ይገባኛል አሉ።

«እኔ ብነሳ ኖሮ ሁሉም የእሱ ነበር» አለች ሰምሃል።

«ልጄስ?» አለች ሸክላ ሠሪዋ።

ይስፋ የተጠቀለለ እጁን አነሳ። «እኔ ብጽፍ ኖሮ፣ እትዬ፣ መቀመጥሽ የት ያደርስሽ ነበር?»

ባሏ የሞተባት ሴት እጁን ብቻ አየችው።

«እናንተ ደንቡን ስትጠብቁ» አለ ዳሙ፣ «ደንቡ ለሬሳ ሊተርፍ ነበር።»

«አንተስ» አለ አንድ ሽማግሌ፣ «ንጉሡ በቃል የሰበረውን በዲጅኖ አይደል የሰበርከው? ነገ ሌላ ዲጅኖ ያለው ሲመጣ ምን ልትለው ነው?»

«ጠምቶት እንደሆነ እጠይቀዋለሁ» አለ ዳሙ።

ሽማግሌዎቹ ተከራከሩ፣ ተሰዳደቡ፣ አልተስማሙም። ቁልፉ ደፉ ላይ እንደተጣለ ነው። አንቺም፣ ይህን የምታነቡም፣ «ለሦስቱም» እንዳትሉኝ፣ ቁልፉ አንድ ነው። ላልተነሳችው ነው፣ ላልጻፈው ነው፣ ወይስ ለከፈተው? ለማን ይገባል?