ማንጠግቦሽን ማን ያጉርሳት?

በአንድ ወቅት፣ ሰሊጥ በየደጃፉ እንደ አሸዋ በሚሰጣበት ቆላ ከተማ፣ ማንጠግቦሽ የምትባል ልጅ ነበረች። የአገሩ ዘይት ከሰሊጥ ነው፤ ጣፋጩም ከሰሊጥ ነው፤ ለእንግዳ የሚቀርበው ቆሎ እንኳ ለውዝ ሳይገባበት አይቀርም። ማንጠግቦሽ ግን ሰሊጥ ከቀመሰች ከንፈሯ ያብጣል፣ ጉሮሮዋ ይዘጋል። ለውዝም እንደዚያው ያደርጋታል፤ እንቁላልና ወተትም እንዲሁ። ይህ አልበቃ ብሎ በአስር ዓመቷ ስኳር በሽታ ተጨመረባት። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ ከተወጋች በኋላ በሰዓቱ ካልበላች ስኳሯ ወርዶ ራሷን ትስታለች። እንግዲህ አስቡት፤ አንዱ በሽታ «ቶሎ ብዪ» ይላታል፣ ሌላው «እንዳትነኪው» ይላታል።

የሰፈሩ ሰው ክፉ አልነበረም፤ ችግሩ ደግነቱ ነው። «አይስማማኝም» ስትል ቅብጠት ይመስለዋል። «አፈር ስሆን! በሞቴ! አንዴ ብቻ!» እያለ ይለምናታል። በሞቴ ባዩ ሌላ፣ ሟቿ እሷ። ስለዚህ ድግስ በተጠራች ቁጥር እጇን አጣጥፋ፣ ሌላው ሲጎራረስ እያየች መቀመጥ ተማረች። የሚርባት ሆዷ ብቻ አልነበረም።

እናቷ ገና በሕፃንነቷ ስለሞተች ያሳደገቻት የአባቷ እህት ውዴ ናት። የትኛው ምግብ እንደሚጥላት የለየችውም እሷው ናት። ፊደል አልቆጠረችም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ግድግዳው ላይ በከሰል እየጫረች፣ አንዱን ምግብ እያስወገደች ሌላውን እየመለሰች፣ አራቱን ጠላቶች አንድ በአንድ ያዘቻቸው። ከዚያ በኋላ ሰሊጥ ደጃፏን አልረገጠም። ለውዝ የተፈጨበት ወፍጮ ጤፏን እንዳይነካ፣ ገና ሰው ሳይሰለፍ ሄዳ የመጀመሪያዋ አስፈጪ ትሆናለች። ኢንሱሊኑ በቆላው ሙቀት እንዳይበላሽ እርጥብ አሸዋ በሞላ ገንቦ ውስጥ ትቀብረዋለች። ፋሲካ ሲመጣ ጎረቤት ሁሉ በዶሮና በእንቁላል ሲገድፍ፣ ውዴ ከልጅቷ ጋር ሽሮ ትበላለች። ለምን ሲሏት፣ «ልጄ እየጾመች እኔ አልገድፍም» ትላለች።

ነገር ግን ፍርሃቷም የዚያኑ ያህል ነበር። ማንጠግቦሽ ሌላ ከተማ ሄዳ እንድትማር ዕድል ባገኘች ጊዜ፣ ውዴ እግሯ ላይ ወድቃ አስቀረቻት። «ከእጄ ውጭ እህል የቀመስሽ ቀን እቀብርሻለሁ» አለቻት። ማንጠግቦሽ ቀረች፤ ግን ለብዙ ወራት ሳቋን ማንም አልሰማም።

ከቤታቸው ፊት ለፊት የባንቺአምላክ ምግብ ቤት ነበር። እትዬ ባንቺ በእጇ ሙያ አገር ያወቃት ሴት ናት። አንድ የክርስትና ድግስ ላይ ማንጠግቦሽን አፏን ዘግታ ብታያት አዘነችላት። ትንሽ ትንሽ ብትቀምሰው ይለምዳታል ብላ አሰበችና፣ ሰሊጥ ዘይት ጠብ ካደረገችበት ምስር ወጥ ጠቅልላ መጣች።

«ያንቺው ነው፤ ለብቻሽ ነው የሠራሁት። ምንም የለበትም።»

ማንጠግቦሽ ለብቻዋ ተሠርቶ ከውዴ ሌላ ሰው ሲያጎርሳት የመጀመሪያዋ ነበር። ደስ አላትና ጎረሰች። ገና ሳትውጠው ምላሷን አቃጠላት፤ ቀጥሎ ትንፋሿ ቆመ። በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረሷት፤ ነርሷ ጭኗ ላይ አድሬናሊን ወጋቻትና ነፍሷ ተመለሰች። ዓይኗን ስትገልጥ እትዬ ባንቺ መሬት ላይ ተቀምጣ ደረቷን እየደቃች ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲያ ማንጠግቦሽ ከማንም እጅ አልጎረሰችም፤ ከውዴም ቢሆን። እትዬ ባንቺ በበኩሏ ማንም ሳያስገድዳት ድግስ በተገኘችበት ሁሉ እየቆመች፣ «ይህችን ልጅ በእጄ ልገድላት ነበር። ቅብጠት አይደለም፤ እውነት ነው!» እያለች ጥፋቷን በአደባባይ ተናገረች። እፍረቷን ዋጥ አድርጋ ይህን በማድረጓ፣ «በሞቴ» የሚለው ልመና ከማንጠግቦሽ ላይ ተነሣ።

የማንጠግቦሽ ታላቅ ወንድም ፈንታሁን የጭነት መኪና ሾፌር ነው። አንድ ክረምት ለምርመራ ወደ ጎንደር ይዟት ሲሄድ ወንዙ ሞልቶ መንገድ ዘጋ። መኪናው ወደ ዳር ሲጠጋ አዘነበለና፣ ከጎኑ የተንጠለጠለው ቦርሳ ምሳዋንም፣ ሲደክማት የምትልሰውን ስኳርም እንደያዘ ውኃ ገባ። ጠዋት ተወግታለች። ሰዓቱ አለፈ። ላብ አጠመቃት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ የማይያዝ የማይጨበጥ ነገር ትናገር ጀመር።

መንገደኛው ሁሉ ያለውን አወጣ። አንዱ የሰሊጥ ሃላዋ፣ አንዷ ወተት ያለበት ብስኩት፣ ሌላው ለውዝ።

«ከምትሞት ሃላዋውን ስጣት!» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«አባቴ፣ ሃላዋውም ይገድላታል» አለ ፈንታሁን። ዙሪያውን ሲቃኝ ከመንገዱ ማዶ ዋንዛው ላይ የተሰቀለ ቀፎ አየ። ማጨሻ የለው፣ መሸፈኛ የለው፤ በጠራራ ፀሐይ ወጥቶ እጁን ከተተ። ሲመለስ ፊቱ አብጦ የሚያውቁት አልለዩትም። ማሩን በጣቱ ድዷ ላይ እየቀባ፣ «ዋጪው፣ ማንጠግ፣ ዋጪው» ይላታል። ቀስ እያለች ነቃች። እሱን ብታይ ደነገጠች፤ «ማነህ አንተ?» አለችው። ከልቡ ሳቀ። ግራ ዓይኑ ግን ከዚያ ወዲህ በቅጡ አያይም። ለሚያመሰግኑት ሁሉ፣ «ቦርሳውን አላልቼ የሰቀልኩት እኔው ነኝ» ይላቸዋል።

ማንጠግቦሽ ያን ቀን ወንዙ ዳር ተቀምጣ አንድ ነገር ወሰነች። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ እሷ ያለ ስጋት የምትበላበት አንድ ቤት የለም። እንግዲያው እሷው ትከፍተዋለች።

ውዴ ሰምታ ጮኸች። ማንጠግቦሽ እጇን ይዛ፣ «እማ፣ በሕይወት አቆየሽኝ፤ አሁን ልኑርበት» አለቻት። ውዴ ሦስት ቀን አኮረፈች፤ በአራተኛው ቀን የራሷን ወንፊትና ማማሰያ ይዛ መጣች። ፈንታሁን ሰሊጥ ያልነካው እህል ከደጋ ጭኖ አመጣ። እትዬ ባንቺ ደግሞ የምግብ ቤቷን ቁልፍ መዳፏ ላይ አኖረችላት።

«ዘይቱን ደፍቼዋለሁ። ድስቱን፣ ምጣዱን፣ ሁሉንም አውጥቻለሁ፤ ግድግዳውም በኖራ ተቀብቷል። ቤቱ ያንቺ ነው፤ እኔ ሽንኩርት እልጥልሻለሁ።»

በገበያ ቀን ተከፈተ። በሩ ላይ ማንጠግቦሽ በእጇ፣ «ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ እንቁላልና ወተት እዚህ አይገቡም» ብላ ጽፋለች። ሰዉ ከሦስት ወረዳ ጎረፈ። ስኳር ያለበት አስተማሪ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤቱ ውጭ ምሳ በላ። አንድ አዛውንት በሩ ላይ ቆመው፣ «እኔን ወተት ሆዴን ይነፋኛል፤ ልገባ ይፈቀድልኛል?» ቢሉ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወጡ ሦስት ጊዜ አልቆ ሦስት ጊዜ ተሠራ።

ያን ጊዜ ማንጠግቦሽ ሽርጧን ፈትታ መሐል ገበታው ላይ ተቀመጠች። ጣቷን ወግታ ስኳሯን ለካች፤ ደህና ነው። ቀና አለችና፣ «ዛሬ ከሰው እጅ ልጎርስ ነው» አለች። ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ተነሡ።

«እኔ ባላበላት እዚህ አትደርስም ነበር» አለች ውዴ። «ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትፈራ አብሬ ፈርቻለሁ፤ ስትጾም አብሬ ጾሜአለሁ። የእናት እጅ ይቅደም።»

«እናትስ አበላች» አለ ፈንታሁን። «ያን ቀን ግን አንቺ አልነበርሽም። ሞት ደርሶባት ነበር፤ በዚህ ጣት ነው የመለስኳት። ማሩም ጉርሻ ነበረ።»

እትዬ ባንቺ ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። «እኔ የምለው የለኝም» አለች። «ከጉርሻ ጋር ያጣላኋት ግን እኔ ነኝ። እናንተ ብታጎርሷት ትበላለች፤ ከእኔ እጅ ከበላች ግን ከእንግዲህ የምትፈራው እጅ አይኖርም።»

ሦስቱም ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉ። ማንጠግቦሽ አንዷን እጅ አየች፣ ሁለተኛዋን አየች፣ ሦስተኛዋንም አየች። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ እየሳቀች አፏን ከፈተች።

አያችሁ፣ ሦስቱንም መጉረሷ አይቀርም። የመጀመሪያዋ ጉርሻ ግን አንዲት ናት፤ የምትገባውም ከአንድ እጅ ነው። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ለዓመታት ካኖራት እጅ፣ በአንዲት ቀን ከሞት ከመለሳት እጅ፣ ወይስ በድሎ ከካሳት እጅ፣ የትኛው ይቅደም?