ያወጣውን ስም መጥራት የተወ አባት

አንድ ሰው ነበር፣ ወገኖቼ። ደሴ ከተማ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ቁጭ ብሎ መዝገበ ቃላት መጻፍ የጀመረ። ግትር ነው። ለያዘው ቃል ፍቺ ሳያገኝለት ምሳ አይቀርብለትም፤ ቢቀርብም አይበላም።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሚስቱ ሽንኩርት እየከተፈች፣ «ዛሬ ደግሞ ምን አገኘህ?» አለችው።

«ክሊፕ የሚል ግስ።»

«የዘፈኑን ነው?»

«ኧረ የምን ዘፈን! የድሮ እንግሊዝኛ ግስ ነው። ‹ስም ሰጠ› ማለትም ነው፣ ‹ጠራ› ማለትም ነው። ዛሬ እንግሊዞቹ ራሳቸው አይናገሩትም።»

ከዚያ የእኛን ቃላት እያነሣ ይመዝን ጀመር። ‹ሰየመ› ይበለው? መሰየም ለኮሚቴና ለመንገድ ነው፤ ይሰየማል፣ ይጨበጨባል፣ ያበቃል። ‹ስም አወጣ›? ስም የሚወጣው አንዴ ነው፣ ልጅ ሲወለድ። ‹ስም ለጠፈ›? እሱ የሚለጠፈው ከጀርባ ነው፤ ባለቤቱ የሰማ ቀን ጠብ ነው። መጥራት ግን ሌላ ነው። የምትጠሩት ሰው ዞር ብሎ እንዲያያችሁ ትፈልጋላችሁ። እንዲመጣ ትፈልጋላችሁ።

«ታዲያ ግሱ ምን ሆኖ ሞተ?» አለች ሚስቱ።

«ምንም አልሆነም። ሰው መናገሩን ተወው፣ በቃ።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «የማስተዋልም ስም እዚህ ቤት እንደዚሁ ነው የሞተው።»

ማስተዋል አንድ ልጃቸው ናት። አባቷ ያልፈቀደውን ሰው ካገባች ስድስት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ እሱ ዘንድ «ያቺ ልጅ» ናት። ቤቷ ሩቅ እንዳይመስላችሁ፤ በእግር ግማሽ ሰዓት ነው።

«ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ።

«አውጥተህማ ነበር። ማን ይጥራት? ጎረቤት?»

ዕድሜውን ተማሪ ሲያርም የኖረ ሰው ታረመ። አፈረ። ደግሞም ፈራ፤ ስድስት ዓመት የተተወች ልጅ ብትጠራ ትመልሳለች? ያም ሆኖ ኮቱን ለብሶ ወጣ።

ደጇ ሲደርስ የቆርቆሮውን በር አላንኳኳም። የሚያንኳኳ እንግዳ ነው።

«ማስተዋል!» አለ። ዝም።

«ማስተዋል!» ከውስጥ ኮቴ ተሰማ፣ ወዲያው ቆመ። ድምፁን አውቃዋለች ማለት ነው፤ ግን ዝም። እናንተ ብትሆኑ አትመለሱም ነበር? እኔ እመለስ ነበር። እሱ አልተመለሰም። መንገደኛው ሁሉ እየሰማው «ማስተዋል! ልጄ!» አለ።

«አቤት፣ አባባ» አለች፤ በልጅነቷ ስትጠራ እንደምትመልሰው። በሩ ሳይከፈት ሁለቱም አለቀሱ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። እናንተስ ቤት ስሙ የማይነሣ ማን አለ? «ያ ሰውዬ» የምትሉት ወንድም? በአገጫችሁ የምታመለክቷት እህት? ስለ እነሱ አታወሩም አላልኩም። ታወራላችሁ! ስም መለጠፍ ላይማ ማን ይችለናል። መጥራቱ ነው የጠፋው።

እግዚአብሔር እኛን በጅምላ አልጠራንም። አንድ በአንድ፣ በየስማችን ጠራን። ዝም ስንለው ደገመ። አሁንም ዝም ስንለው አሁንም ደገመ። እኛ ማን ሆነን ነው በአንድ ጥሪ ተስፋ የምንቆርጠው?

«እሱ ይቅደም» የሚል ሰው መካከላችሁ እንዳለ አውቃለሁ። እሱም «እናንተ ቅደሙ» እያለ ነው። እንዲህ ስትጠባበቁ አንዳችሁ ይቀበራል፤ ስሙም የሚጠራው ለቅሶ ላይ ይሆናል። ያኔ ጩኸት እንጂ መልስ የለም።

ስለዚህ ለነገ አታቆዩት። ያን ስም አሁን፣ እዚሁ እንደተቀመጣችሁ በሉት። በልባችሁ አይደለም፤ በአፋችሁ። እኔ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ።