የዶክተር ልሳነወርቅ ጉጠት

አንድ ቀን፣ ያውም በገበያ ቀን፣ እትዬ ዘነቡ ጉንጫቸው እንደ ድፎ አብጦ አደረ። እትዬ ዘነቡ ከተማው ሁሉ የሚያውቃቸው ጠጅ ነጋዴ ናቸው። ቅርንፉድ ነከሱ፣ ነጭ ሽንኩርት ጎረሱ፣ ጎረቤት ያዘዘውን ሁሉ ሞከሩ፤ ጥርሱ ግን ወይ ፍንክች። ቢቸግራቸው ነጠላቸውን አገጫቸው ላይ አስረው ዶክተር ልሳነወርቅ ዘንድ ሄዱ። በከተማው ከእሱ ሌላ የጥርስ ሐኪም የለም።

ዶክተር ልሳነወርቅ ደግሞ የእትዬ ዘነቡ ደንበኛ ነው። ደንበኛ ስል ያው የሚያስመርር ደንበኛ። ከሥራ ሲወጣ ይመጣና ጥጉን ይዞ፣ ገና ሳይቀዳለት የጠጪውን ሁሉ ከንፈር በዓይኑ ይቃኛል። ምች መትቶት ከንፈሩ የቆሰለ ሰው ካየ በቃ፣ ትምህርቱ ተጀመረ።

«እናንተ ምች ትላላችሁ። ላብ በላብ ሆኜ ፀሐይ መታኝ ትላላችሁ። ሄርፐስ የሚባል ቫይረስ ነው። አንዴ ከገባ አይወጣም፤ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ጊዜውን ይጠብቃል። እትዬ፣ እሱ የጠጣበትን ብርሌ ለእኔ እንዳያመጡ።»

የወፍ በሽታ ከተነሳማ ጠጁ እስኪሞቅ ያወራል። «ወፍ የለችበትም» ይላል ጣቱን እየቀሰረ። «ሄፓታይተስ ቢ ነው። በደም ይተላለፋል። ደሙ ደርቆ እንኳ ዕቃ ላይ ሳምንት ይቆያል። በዓይን አይታይም፤ አልታየም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም።»

ይህን ሁሉ ብሎ ሲያበቃ ብርሌው ዓይኑ እያየ ይታጠብለታል። እትዬ ዘነቡም መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ይቀምሱለታል። መቼም ቀምሶ መስጠት የአገር ወግ ነው፤ ግን ስንት ዓመት የጠጣ ደንበኛ «ይቅርብዎ» ይላል። እሱ አይልም። አንዴ ቢመራቸው «ዶክተር፣ ይህን ያህል ዘመን ጠጥተው አሁንም አያምኑኝም?» አሉት።

ፈገግ ብሎ «አምንዎታለሁ እትዬ፤ ግን ይቅመሱልኝ» አላቸው።

ቀመሱለት። ነገሩ ግን ከሆዳቸው አልወጣም።

እንግዲህ በዚያ በገበያ ቀን ክሊኒኩ ሲደርሱ አግዳሚው ጢም ብሏል። ከእሳቸው ፊት የገባው ሰውዬ ዓይኑ ቢጫ ነው፣ እርድ የነሰነሱበት ይመስላል። ጥርሱን ተነቅሎ፣ ጥጡን ነክሶ ወጣ። እትዬ ዘነቡ ገቡ፣ ወንበሩ ላይ ተንጋለሉ፣ መርፌውን ተወጉ። ግማሽ ከንፈራቸው የሌላ ሰው ከንፈር ሆነ።

ዶክተሩ ከመታጠቢያው ውስጥ ጉጠት አነሳ። ቧንቧ ከፍቶ አለቀለቀው፣ አልኮል በነካ ጥጥ ወለወለው፣ ወደ አፋቸው መጣ። እትዬ ዘነቡ አፋቸውን ገጠሙ።

«ዶክተር፣ ይህ ጉጠት አሁን የወጣውን ሰውዬ የነቀሉበት ነው?»

«ታጥቧል እኮ እትዬ።»

«ያ መቀቀያውስ?»

መቀቀያው ማሽን ጥግ ላይ ቁጭ ብሏል። ዳንቴል ለብሷል፣ ላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበታል።

«እሱ መብራት ይበላል። ለአንድ ጉጠት ብዬ አላበራውም፤ ይጠራቀምና አንድ ላይ ይቀቀላል።»

እትዬ ዘነቡ ፈሩ። የጥርሱን ሕመም ያስረሳ ፍርሃት ነው። ያ በየብርሌው ላይ ሲሰብክላቸው የኖረው ነገር ሁሉ ትዝ አላቸው፤ ደሙ፣ መድረቁ፣ ሳምንቱ። ተነስተው እንዳይሄዱ ሌላ ሐኪም ያለው የግማሽ ቀን መንገድ ተሂዶ ነው፣ ጉንጫቸው ደግሞ አብጧል። አፋቸውን እንዳይከፍቱ ጉጠቱ መገጣጠሚያው ላይ ቀላ ያለ ነገር ያዩ መሰላቸው።

«የሰውዬው ዓይን ቢጫ ነው» አሉ።

«አልኮል ነክቶታል እኮ። ይኸው ይዩት፣ ያብረቀርቃል። ምን ይታያል?» ዶክተሩ ጉጠቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገላቸው። «እርስዎ ደግሞ፣ ስንት ዓመት የምንተዋወቅ ሰዎች፣ ዛሬ አያምኑኝም?»

እትዬ ዘነቡ ከወንበሩ ቀና አሉ። ጉጠቱን አዩት፣ ዶክተሩን አዩት። በደነዘዘ ከንፈራቸው እየተኮላተፉ፣ ነገር ግን ገርበብ ባለው በር አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ እስኪሰማ፣

«አምንዎታለሁ ዶክተር፤ ግን ይቅመሱልኝ» አሉት።

ውጭ አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌላው ተከተለው። ዶክተሩ ጉጠቱን እንደያዘ ቆመ። ወደ አፉ ግን አላስጠጋውም። ከዚያ አበባውን አወረደ፣ ዳንቴሉን ገፈፈ፣ ማሽኑን ሰካ። ተቀቅሎ እስኪወጣ ማደንዘዣው ለቆ እትዬ ዘነቡ ሌላ መርፌ ተወጉ፤ ቅር አላላቸውም። ጥርሱ ተነቀለ። ዶክተሩ እንዳኮረፈ ጥጡን አስነከሳቸውና «ዛሬ መጠጥ የሚባል ነገር አፍዎ እንዳይደርስ» ብሎ አሰናበታቸው።

ኩርፊያው ግን ከጠጁ አልበለጠም። ከሥራ ሲወጣ እንደ ልማዱ መጥቶ ጥጉን ያዘ። እትዬ ዘነቡ ብርሌውን ዓይኑ እያየ አለቀለቁ፣ ቀዱ፣ ፊቱ አስቀመጡለት። እሱ ብርሌውን ሳይነካ መዳፋቸውን መዳፋቸውን ያያል።

«ዛሬስ አልቀምስልዎትም» አሉት። «ሐኪሜ መጠጥ ከልክለውኛል። ግን ይዩት፣ ያብረቀርቃል። ምን ይታያል?»